በስምንት ማዕዘን ቤት ዞኮሎ ለምን አይገጥምም?

ጥያቄ፦ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ባለ ስምንት ማዕዘን ቤት እያደስን ነው። የእንጨቱን ዞኮሎ (የግድግዳውን ግርጌ የሚሸፍነውን ጣውላ) በ45 ዲግሪ ብንቆርጠው ጥጉ ላይ አፉን ከፍቶ ቀረ። ለመሆኑ የዚህ ቅርጽ ጥቅሙ ምን ነበር?

መልስ፦ 45 ዲግሪ የሚሠራው ለአራት ማዕዘን ክፍል ነው። የእርስዎ ቤት ጥግ 135 ዲግሪ ስለሆነ እያንዳንዱ ጫፍ በ22.5 ይቆረጣል። ይህንንም በጭፍን አይመኑት፤ አሮጌ ቤት ይሰምጣል፣ ያዘማል። እያንዳንዱን ጥግ ይለኩ፣ ያገኙትን ከ180 ቀንሰው ለሁለት ያካፍሉ። 137 ከሆነ መቁረጫውን 21.5 ላይ ያድርጉ፤ አስቀድመው በቁራጭ እንጨት ይሞክሩት።

ጥቅሙ? በእኩል የግድግዳ ርዝመት ከካሬ ቤት 20 በመቶ ያህል የሚበልጥ ወለል ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ጸሐፊው ኦርሰን ፋውለር ቅርጹን በአሜሪካ ያስፋፋውም ይህንኑ እየሰበከ ነበር። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ቁምሳጥን ግን ሒሳብ አያውቅም! ውስጡ በክፍሎች ሲከፈል ምንም ዕቃ የማይቀበል ሦስት ማዕዘን ጥግ ይተርፋል።

ዞኮሎውን ከመምታትዎ በፊት ኮርኒሱ ላይ ወጥተው በባትሪ ይመልከቱ። የጣሪያው ፊቶች የሚገጣጠሙባቸው ስምንቱ መስመሮች ውሃ ሊያስገቡ ይችላሉ፤ ከሥራቸው ያለው እንጨት ጠቁሮ በምስማር ሲወጉት ከላላ በስብሷል።