እግር ሲነሳ የሚጠፋ የመኪና ድምፅ

ጥያቄ፦ መኪናዬ በኋላ ጎማ የሚነዳ፣ ማንዋል ካምቢዮ ያለው ፒክአፕ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስደርስ ከኋላ ቀጭን የማላዘን ድምፅ ይጀምራል፤ 80 ላይ ይብስበታል። እግሬን ከነዳጅ ላይ ሳነሳ ወዲያው ይጠፋል። የጎማ ኩሽኔታ ነው ተብሎ የኋላዎቹ ሁለቱም ተቀየሩ፤ ድምፁ ግን ያው ነው። ቀጥሎ ምን ላስቀይር?

መልስ፦ ለጊዜው ምንም አያስቀይሩ። የጎማ ኩሽኔታ የሚሸከመው የመኪናውን ክብደት ስለሆነ፣ ነዳጅ ሰጡም አልሰጡም መኪናው እስከሄደ ድረስ ያጓራል። ድምፁ የሚለዋወጠው ሲታጠፉ ነው፤ መሪውን ወደ ግራ ሲያዞሩ ክብደቱ ወደ ቀኝ ስለሚጫን የቀኙ ከተበላሸ ይጮኻል፣ ወደ ቀኝ ሲያዞሩ ጋብ ይላል። እግር ሲነሳ የሚጠፋ ድምፅ ግን ኃይል የሚያስተላልፉ ጥርሶች ድምፅ ነው። ከኋላ ከተሰማ ደግሞ ቀድሞ የሚጠረጠረው ዲፈረንሻል፣ ማለትም ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው የጥርሶች ሳጥን ነው።

ከመፈታቱ በፊት ጥርጣሬውን ያጣሩት። መኪናውን አቁመው፣ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርገው ሞተሩን በ80 ወደሚዞርበት ዙር ያድርሱት። ድምፁ ከመጣ ጥፋቱ ሞተርና ቺንጋ አካባቢ ነው። ካልመጣ ሜዳ መንገድ ላይ በ80 መጀመሪያ በ4ኛ፣ ከዚያ በ5ኛ ማርሽ ይንዱ። የሞተሩ ዙር ተለውጦ የድምፁ ቅጥነት ካልተለወጠ ምንጩ ከካምቢዮ በኋላ ነው። በ5ኛ ተሰምቶ በ4ኛ ከጠፋ ግን ወደ ካምቢዮ ይዙሩ፤ በብዙ ፒክአፖች 4ኛ ማርሽ ኃይሉን በቀጥታ ስለሚያሳልፍ ሌሎቹ ጥርሶች አይጫኑም። የአስፋልቱ ዓይነት ሲለወጥ አብሮ የሚለወጥ ድምፅ የጎማ ነው።

ዲፈረንሻሉ ላይ ከደረሱ በዘይቱ ይጀምሩ። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቁም። ሁልጊዜም የላይኛውን የመሙያ ቡሎን አስቀድመው ይፍቱ፤ ዘይቱን ከታች አፍስሰው የላይኛው አልፈታ ቢልዎት መኪናው ከቆመበት አይነቃነቅም። ጣትዎን በቀዳዳው አስገብተው ወደ ታች ሲያጥፉት ዘይቱ ከቀዳዳው ጠርዝ እኩል ሊነካዎት ይገባል። ከጎደለ የት እንደሚያፈስ ይፈልጉ። ሲያፈስሱት የማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ካለው ይዩት፤ እንደ ግራጫ ቅባት ያለ ደቃቅ ዱቄት የተለመደ ነው፣ በጣት የሚለቀም ስንጥር ብረት ግን ጥርስ ወይም ኩሽኔታ እየተፈረፈረ መሆኑን ይናገራል። አዲሱ ዘይት በአብዛኛው ደረጃው ጂኤል-5 (GL-5)፣ ውፍረቱ 80ደብሊው-90 (80W-90) የሆነ የጥርስ ዘይት ነው፤ የመኪናው መመሪያ ሌላ ካለ እሱን ይከተሉ።

ቀጥሎ የእጅ ፍሬኑ ተለቅቆ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ ጎማዎቹ በታኮ ታግደው፣ ከዲፈረንሻሉ ፊት ካርዳኑ (ከካምቢዮ ኃይል ወደ ኋላ የሚያደርሰው ዘንግ) የሚታሰርበትን ፍላንጅ ጨብጠው ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይነቅንቁት። ጥቂት ዙሮሽ ይኖረዋል፤ ወደ ላይና ወደ ታች ወይም ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚጫወት ከሆነ ግን የፒኞኑ (ትልቁን ጥርስ የሚያዞረው ትንሹ ጥርስ) ኩሽኔታ አልቋል ወይም ዳዶው ላልቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስታውሱ፦ ድምፁ የጀመረው የፒኞኑ የዘይት ጎሚኒ ከተቀየረ በኋላ ይሆን? በብዙ ዲፈረንሻሎች የፒኞኑ ዳዶ የሚጠብቀው በመጠኑ በሚጨፈለቅ ቀለበት ላይ ነው። ጎሚኒ ሲቀየር ዳዶው በአየር ቁልፍ ያለ ልኬት ከተጠበቀ ቀለበቱ ከልክ በላይ ይጨፈለቃል፤ ኩሽኔታዎቹም ይታነቃሉ። ያ ቀለበት አንዴ ከተጨፈለቀ ወደ ነበረበት አይመለስም፤ መፍትሔው አዲስ ቀለበት አስገብቶ ፒኞኑን ለማዞር የሚያስፈልገውን ጉልበት እየለኩ ማጥበቅ ነው።

ኩሽኔታው ጤነኛ ሆኖ ጥርሶቹ ብቻ ከተበሉ፣ ፒኞኑና ትልቁ ጥርስ አንድ ላይ የተሞረዱ ጥንዶች ስለሆኑ አንዱን ብቻ መቀየር አይሠራም። የሚገጥመው ሰው ጥርሶቹን ቀለም ቀብቶ አሻራው መሃል ላይ መዋሉን ማሳየት መቻል አለበት፤ «በልምድ አውቀዋለሁ» የሚልዎትን ይለፉት። የሚነቀነቅ ነገር ከሌለና ብረት ካላገኙ ግን ሥራው ውድ ስለሆነ፣ ዘይት ቀይረው ድምፁን እየተከታተሉ መንዳት አያሳፍርም። ወፍራም ዘይት ድምፁን ይደብቃል እንጂ አያድንም፤ ያገለገለ መኪና ሲገዙም ይህ ዘዴ እንዳለ ይወቁ።

ጥያቄ፦ የእኔ የሚጮኸው መኪናው ቆሞ መሪ ሳዞር ነው። የመሪው ፓምፕ ይቀየር?

መልስ፦ መጀመሪያ የመሪውን ዘይት ይዩ። አረፋ ካለበት አየር እየገባ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባው ከዘይት መያዣው ወደ ፓምፑ የሚሄደው የላስቲክ ቱቦ ማሰሪያ ነው። ማሰሪያውን ቀይረው፣ ዘይቱን ሞልተው፣ የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንሥተው ድጋፍ ያስገቡ። ሞተሩ ጠፍቶ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ 20 ጊዜ ያህል ያዙሩት፤ ዘይቱ ሲወርድ ይሙሉ፤ ከዚያ ሞተሩን አስነሥተው ይድገሙት። ጫፍ ላይ ከ5 ሰከንድ በላይ አይያዙት። አረፋው ጠፍቶም የሚጮህ ከሆነ፣ ያኔ ፓምፑን ይጠርጥሩ።

ጥያቄ፦ የኋላ ማርሽ ሳስገባ ብቻ ያላዝናል።

መልስ፦ የብዙ ማንዋል ካምቢዮዎች የኋላ ማርሽ ጥርሶች ቀጥ ብለው የተቆረጡ ናቸው፤ ሲዞሩ ይጮኻሉ። ማርሹ እየዘለለ እስካላስቸገረዎት ይተዉት።