ባሕር ከሌለው አገር ተነሥቶ የጥልቅ ውቅያኖስ ተመራማሪ መሆን ይቻላል?

ውድ ጠያቂያችን፦

በባሕር ዳር የባዮሎጂ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ እንደሆኑ፣ ከ200 እስከ 1,000 ሜትር ባለው የውቅያኖስ ጥልቀት ስለሚኖሩ ፍጥረታት ካነበቡ ወዲህ ልብዎ ወደዚያ እንዳዘነበለ፣ ቤተሰብዎ ግን «ባሕር በሌለበት አገር ይህ ምን እንጀራ ይሆናል?» እያሉ እንደሚያሳስቡዎት ጽፈውልናል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ትልቁ እንቅፋት የባሕር አለመኖር አይመስለኝም።

የፀሐይ ብርሃን ሳስቶ ለፎቶሲንተሲስ በማይበቃበት በዚያ የድንግዝግዝ ቀጣና ፋኖስ ዓሣ የሚባሉትንና ሌሎች ብዙ ፍጥረታትን የምናገኛቸው ቀን ላይ ነው፤ ሲመሽ ለመመገብ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ሳይነጋም ይመለሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1942 ከሳን ዲዬጎ ባሻገር ሶናር (የድምፅ ሞገድ ልኮ በሚመለሰው ድምፅ በውኃ ውስጥ ያለን ነገር የሚያገኝ መሣሪያ) ሲሞክሩ የነበሩ አሜሪካውያን ባለሙያዎች በባሕሩ መካከል ድምፅን የሚመልስ ንጣፍ አግኝተው ግራ ተጋብተው ነበር። ንጣፉ ከቀን ወደ ሌሊት ከፍና ዝቅ የሚል የእንስሳት መንጋ መሆኑ የታወቀው ቆይቶ ነው።

የዓሦቹ ብዛት እስከ ዛሬ አከራካሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በመረብ ናሙና ላይ ተመሥርቶ የወጣው ግምት 1 ቢሊዮን ቶን ገደማ ሲሆን፣ በ2014 የታተመው የድምፅ ሞገድ ጥናት ግን ቁጥሩን ወደ 10 ቢሊዮን ቶን ከፍ አድርጎታል። ብዙዎቹ ዓሦች መረብ ሲቀርብ ስለሚሸሹ መረቡ ያሳንሳል፤ ሳይፎኖፎር የሚባሉት ልል አካል ያላቸው ፍጥረታት ደግሞ በያዙት የአየር ከረጢት ምክንያት እንደ ዓሣ ድምፅን ስለሚመልሱ ሶናሩ ሊያበዛ ይችላል። ምክሬም የሚመነጨው ከዚሁ ነው፦ ዓሣውን ከመምረጥዎ በፊት መሣሪያውን ይምረጡ። ፊዚክስና የኮምፒውተር ፕሮግራም ከወደዱ የድምፅ ሞገድ ጥናት ይስማማዎታል፤ ካልሆነ ግን እንስሳት በውኃ ውስጥ ጥለውት ከሚያልፉት ዲኤንኤ ዝርያን የመለየት ሙያ ለባዮሎጂ ተማሪ ይቀርባል። በሁለቱም መንገድ ስታቲስቲክስን መሸሽ አይቻልም፤ መርከብ ላይ የሚያልፈው ጊዜ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ሲቆጠር፣ ናሙናውንና መረጃውን ለመተንተን የሚወስደው ጊዜ ግን ዓመታት ነው። (የባሕር ሕመም የሚያስቸግራቸው የተከበሩ ተመራማሪዎችም አሉ።)

ለልምምድ ጣናን አይናቁት። በሐይቅ የሚኖሩ ጥቃቅን እንስሳትም በብዙ ቦታ ሌሊት ወደ ላይ፣ ቀን ወደ ታች ይጓዛሉና፣ ከተለያየ ጥልቀት በቀንና በሌሊት ናሙና ወስዶ ማነጻጸር ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ሥራ ነው። የጣና ጥልቀት ከ14 ሜትር ብዙም የማያልፍና ውኃውም ደፍራሳ በመሆኑ ጉዞው ደብዝዞ ሊታይ ይችላል፤ ምክንያቱን በሚገባ ካስረዱ ግን ውጤቱ ዋጋ አለው። ጉማሬ ያለበት ሐይቅ ስለሆነ ልምድ ካለው ጀልባ ነጂ ጋር ካልሆነ በቀር ሌሊት አይውጡ።

ለሁለተኛ ዲግሪ ሁለት በሮችን አስቀድመው ያንኳኩ። አንደኛው የብራስልስ፣ የጌንትና የአንትወርፕ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ የሚሰጡት የውቅያኖሶችና የሐይቆች ፕሮግራም ሲሆን፣ የሐይቅ ልምድዎ እዚያ እንደ ጉድለት አይቆጠርም። ሁለተኛው በሳዑዲ ዓረቢያ ቱዋል ከተማ የሚገኘው የንጉሥ ዓብዱላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ለሚቀበላቸው ተማሪዎች የትምህርትና የኑሮ ወጪ ሲሸፍን ቆይቷል። ደጁ ያለው ቀይ ባሕርም ልዩ ነው፦ በሌሎች ውቅያኖሶች በ1,000 ሜትር ውኃው በጣም ሲቀዘቅዝ፣ በቀይ ባሕር ግን እስከ ታች ድረስ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይሞቃል፤ በዚህም የተነሣ በጥልቁ የሚኖሩት የዓሣ ዝርያዎች ጥቂት ናቸው። ኖርዌይ በዘርፉ ብርቱ ብትሆንም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጡ ተማሪዎች ክፍያ ስለጣለች፣ ያለ ስኮላርሺፕ አያስቡባት።

ስለ እንጀራው ጉዳይ ለቤተሰብዎ እውነቱን ይንገሯቸው፦ በዚህ ቀጣና ላይ ብቻ የሚያተኩር ቋሚ ሥራ በዓለም ዙሪያ ጥቂት ነው። የዲኤንኤ ትንተናና የመረጃ ሙያ ግን በዓሣ ሀብት፣ በውኃ ጥራትና በብዝኀ ሕይወት ተቋማት አገር ውስጥም ይፈለጋል። አሁን የሚቀድመው ግን የጣናን ሐሳብ በአንድ ገጽ ጽፈው፣ የመመረቂያ ርዕስ ከመመደቡ በፊት ለአማካሪ መምህርዎ ማቅረብ ነው።