ትራፊክ ላይ የሚሞቅ መኪና ሁሉ ጋስኬቱ አልተቃጠለም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። መኪናሽ መንገድ ሲጨናነቅ ሙቀቱ ይወጣል፣ መንገዱ ሲከፈት ይወርዳል። ጋራዥ ስትወስጂው ምንም ሳይለኩ «የቴስታታ ጋስኬት ተቃጥሏል፣ ሞተሩ ይከፈት» አሉሽ። ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው፣ ጋስኬቱ ደግሞ በእሱና በሞተሩ አካል መሀል የሚገባው ማሸጊያ። ላስከፍት ወይስ ሌላ ሰው ላሳይ ነው ያልሽው።

አታስከፍቺ። ቢያንስ ገና ነው።

ዕድሜዬን የፈጀሁት ጋራዥ ውስጥ ነው። የሚሞቅ መኪና ሲመጣልኝ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው «መቼ ነው የሚሞቀው?» ብዬ ነው። መልሱ ግማሹን ሥራ ይጨርስልኛል። መኪና ሲሮጥ ከፊት የሚገባው ንፋስ የሞተሩ ውሃ የሚበርድበትን ራዲያተር ያቀዘቅዘዋል። ሲቆም ግን ንፋስ የለም፣ ሥራው ሁሉ በራዲያተሩ አየር በሚስበው ማራገቢያ፣ በፋኑ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ቆሞ ብቻ የሚሞቅ ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው ፋኑን ነው። ዳገት ላይ ወይም በፍጥነት ሲነዳ የሚሞቅ ቢሆን ኖሮ የተደፈነ ራዲያተር፣ ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍተው ቴርሞስታት በደንብ አለመክፈት ወይም የደከመ የውሃ ፓምፕ እል ነበር። ጋስኬቱ የተቃጠለ ሞተርም አብዛኛውን ጊዜ የሚብስበት ጭነት ሲበዛበት ነው። አንቺ የነገርሽን ምልክት ወደዚያ አይወስድም።

ራስሽ የምትሞክሪው ነገር አለ። ሞተሩን አስነሺና ኤሲውን ክፈቺ። የኤሌክትሪክ ፋን ባላቸው አብዛኞቹ መኪኖች ፋኑ ወዲያው ወይም ትንሽ ቆይቶ መዞር አለበት። ከዞረ አንድ ወረቀት ከፊት በኩል አስጠጊ። ወደ ውስጥ ስቦ ሊለጥፈው ይገባል። ወደ ውጭ ከገፋው የፋኑ ሽቦ ተገላብጦ ታስሯል ማለት ነው። አትሳቂ፣ «ፋን ካስቀየርኩ ወዲህ ነው የጀመረው» የሚሉኝ ሰዎች መኪና ላይ ያየሁት ነገር ነው። ጣትሽን ግን አታስጠጊ፣ ሞተሩ ጠፍቶም ፋን በራሱ ሊነሳ ይችላል።

ካልዞረ መካኒኩ ፊውዙን፣ ሪሌውን (ለፋኑ ኤሌክትሪክ የሚያበራና የሚያጠፋውን ማብሪያ) እና የሙቀት ሴንሰሩን ይይ። ፋኑን ከባትሪ ጋር በቀጥታ አገናኝቶ መሞከርም የደቂቃዎች ሥራ ነው። አስቸጋሪው ካርቦኑ (ኤሌክትሪክ ወደሚዞረው ክፍል የሚያስተላልፈው) ሊያልቅ የደረሰ የፋን ሞተር ነው። ጠዋት ጋራዥ ስትወስጂው ይሠራል፣ ከሰዓት ትራፊክ መሀል ቀጥ ይላል። እንዲህ ዓይነቱን የምይዘው የመኪናው ሞተር በደንብ እስኪግል ጠብቄ ነው። ፋኑ ዝም ሲል ጀርባውን በካቻቢቴ እጀታ ቀስ አድርጌ መታ መታ አደርገዋለሁ። ብድግ ብሎ መዞር ከጀመረ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፣ እሱ ነው።

ፋኑ ደህና ከሆነስ? ያኔ ከራዲያተሩ ፊት ባለው የኤሲው ማቀዝቀዣ (ኮንደንሰር) እና በራዲያተሩ መሀል ያለችውን ክፍተት በእጅ ባትሪ ማየት ነው። ከፊት ስታዪው ንጹሕ የሚመስል መኪና እዚያ ውስጥ አቧራ፣ ቅጠልና ነፍሳት ተጋግሮበት እንደ ብርድ ልብስ ያፈነዋል። ሲታጠብ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት፣ በቀስታ ውሃ ይሁን። ኃይለኛ ውሃ ስስ ክንፎቹን አጣሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ፋኑን ዙሪያውን የሚከበው ፕላስቲክም ይታይ። ግጭት ተጠግነው የወጡ መኪኖች ላይ «ምንም አያደርግም» ተብሎ ወልቆ ይቀራል። እሱ ከሌለ ፋኑ በራዲያተሩ በኩል ሳይሆን በዙሪያው ያለውን አየር ነው የሚስበው።

ክዳኑንም አትናቂው። የራዲያተር ክዳን ውሃ እንዳይፈስ ብቻ የተሠራ አይደለም፣ ግፊት ይይዛል። ወደ 1 ባር የሚጠጋ ግፊት ሲይዝ ውሃ እስከ 120 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ ይቆያል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግፊቱን ይለቃል፣ ከዚያ ውሃው ቶሎ ይፈላል። ከፍታ ቦታ ላይ ይብሳል፣ ምክንያቱም እዚያ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ነው የሚፈላው። በነገራችን ላይ ሞተሩ ትኩስ እያለ ክዳኑን እንዳትከፍቺ። በዚህ ፊታቸው የተቃጠለ ሰዎች አሉ።

አሁን ወደ ጋስኬቱ። ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል፣ አልክድም። ግን ማረጋገጫ አለው። ቀዝቅዞ ባደረ ሞተር ላይ ክዳኑ ተከፍቶ ሲነሳ ውሃው ውስጥ ያለማቋረጥ አረፋ ይወጣል ወይ? ክዳኑ ተዘግቶ ሲነሳስ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደው የላይኛው የውሃ ጎማ ሞተሩ ሳይሞቅ ገና በደቂቃ ውስጥ ይጠነክራል ወይ? ኩላንቱ (የራዲያተሩ ውሃ) ወደ ውጭ ሳይፈስ ይቀንሳል? ከጭስ ማውጫው ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ አለ? ከዚህ በላይ የሚያሳምነኝ ደግሞ የፈሳሽ ምርመራው ነው። ራዲያተሩ አፍ ላይ ይደረጋል፣ የሞተር ጭስ ውሃው ውስጥ ከገባ ሰማያዊው ፈሳሽ ወደ ቢጫ ይቀየራል። ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሮቹ ውስጥ የሚፈጠረውን ግፊት) መለካትም አለ። ዘይት ክዳን ሥር ትንሽ ወተት የመሰለ ነገር አይቶ «ይኸው» የሚል መካኒክ አያስደንግጥሽ። አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና በእርጥበት ብቻ እንደዚያ ሊሆን ይችላል። የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት ራሱ ወተት ከመሰለ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ለምን ቀድመው ጋስኬት ይላሉ? አንዳንዱ ገንዘብ ፈልጎ ነው። ብዙው ግን መመርመር ጊዜ ስለሚወስድና ለምርመራ ብቻ የሚከፍል ደንበኛ ስለሌለ ነው። ስለዚህ «ለምርመራው እከፍላለሁ፣ ውጤቱን አሳየኝ» በይ። አነጋገሩ ወዲያው ይለወጣል።

«ቴርሞስታቱን አውጥተን እንጣለው» ካሉሽም እምቢ በይ። ሞተሩ ተገቢውን ሙቀት ሳያገኝ ነዳጅ እየበላ ይሠራል። በአንዳንድ ሞተሮች ደግሞ ውሃው ራዲያተሩን እየዘለለ በአቋራጭ ስለሚዞር ጭራሽ ያሞቃል።

እስከዚያው ድረስ ሙቀቱ ከመሀል ከፍ ማለት ሲጀምር ኤሲውን ዝጊ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ክፈቺ። ይሞቅሻል፣ ግን ሞተሩ ይተነፍሳል። ቀዩ ጋ ከደረሰ «ትንሽ ልሂድ» የለም፣ ዳር ይዘሽ አጥፊው። የአሉሚኒየም ቴስታታ በሙቀት ይጣመማል፣ ብዙ አምራቾች የሚፈቅዱት መጣመም ደግሞ 0.1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ያኔ ዛሬ ያልተቃጠለው ጋስኬት እውነትም ይቃጠላል።

ነገ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የኩላንቱን ልክ እዪና ምልክት አድርጊበት። ከዚያ ኤሲውን ከፍተሽ ፋኑ ዞሮ እንደሆነ፣ ወረቀቱን ስቦ ወይም ገፍቶ እንደሆነ እዚሁ ጻፊልኝ። የመኪናውን ዓይነትና ዓመተ ምህረትም ጨምሪ፣ ፋኑ የኤሌክትሪክ ሳይሆን በቺንጋ የሚዞር ከሆነ የምነግርሽ ሌላ ነው።