የሞተር ሳይክል ሞተር ሳይሰበር እንዲደርስ

ጥያቄ፦ ባለ 4 ሲሊንደር፣ 600 ሲሲ የሞተር ሳይክል ሞተር ሸጬ በጭነት ልልከው ነው። ከዚህ በፊት በስፖንጅ ጠቅልዬ በሣጥን የላክሁት ሞተር የዘይት ኮፓው (ከሥሩ ያለው የዘይት መያዣ) ተሰንጥቆ ደረሰ። አሁን እንዴት ላሽገው?

መልስ፦ ኮፓው የተሰነጠቀው ስፖንጅ ስላነሰ አይደለም። እንዲህ ያለ ሞተር 60 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፤ ስፖንጁ በመንገድ ንዝረት ተጨፍልቆ ሲያልቅ ክብደቱ ሁሉ ታች ባለው ስስ አሉሚኒየም ላይ ያርፋል። ከዚያ በኋላ ሣጥኑ አንዴ ከመኪና ሲወረወር በቃ። ሞተሩን መሸከም ያለባቸው ሻንሲው ላይ የሚታሰርባቸው ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው።

መጀመሪያ ያድርቁት። የማፍሰሻውን ብሎን ፈተው ዘይቱን ሌሊቱን ያንጠባጥቡት፣ ብሎኑን ከነራንዴላው መልሰው ይግጠሙ። ውሃውንም ከፓምፑ ሥር ያፍስሱ። ካርቡሬተሩን አውርደው ቤንዚኑን ካፈሰሱ በኋላ ለብቻው ይጠቅልሉት። ካንዴላዎቹ ባሉበት ይቆዩ። የአየር መግቢያዎቹንና የማርሚታ ቀዳዳዎቹን በላስቲክ ክዳን ወይም በወፍራም ካርቶንና በፕላስተር ይሸፍኑ እንጂ ጨርቅ አይወትፉ፤ ውስጥ ተረስቶ የቀረ ጨርቅ ሞተሩ ሲነሳ ቫልቭ ሥር ይገባል።

ለወለሉ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይጠቀሙ። ፎርክሊፍት ሹካውን እንዲያስገባ ከሥሩ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው እግሮች ይግጠሙለት። ዋናው ሥራ ከላይ ነው። በሞተሩ ግራና ቀኝ፣ በፊትና በኋላ ማሰሪያዎቹ ትክክል፣ 5 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አራት የእንጨት ቋሚዎች ያቁሙ። ቋሚዎቹን በቀዳዳዎቹ ልክ በስተው የራሱን የሞተር ብሎን ወይም ጥርስ ያለው የብረት ዘንግ ከዳር እስከ ዳር ያሳልፉ። ዳዶው እንጨቱን በልቶ እንዳይገባ ሰፊ ራንዴላ ያድርጉበት። እያንዳንዱን ቋሚ በሰያፍ እንጨት ይደግፉ፤ መኪና ድንገት ፍሬን ሲይዝ ሞተሩ የሚገፋው ወደ ፊት ነው፣ ሰያፍ የሌለው ቋሚ ደግሞ ከሥሩ ይነቀላል። ሲጨርሱ እጅዎን ከኮፓው ሥር ያስገቡ፤ ጣትዎ ወዲያና ወዲህ ያለ ችግር ካላለፈ ከፍ ያድርጉት። የዘይት ፊልትሮውም ምንም ነገር መንካት የለበትም። በማግስቱ ዳዶዎቹን እንደገና ያጥብቁ፤ እንጨት በራንዴላ ሥር መስጠሙ አይቀርም።

ቀበቶ ከፈለጉ በሲሊንደሩ ላይ አንድ ብቻ ይጨምሩ። በፍሪሲዮን ክዳን ላይ ፈጽሞ አይሳቡት፤ ይሰነጠቃል።

ግድግዳው 9 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ይበቃዋል። በሁሉም አቅጣጫ 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተዉ። ክዳኑን በምስማር ሳይሆን በቪት ይዝጉ፤ ምስማር በንዝረት ይላላል፣ ፈታሽ ሲከፍተውም በመዶሻ ነው።

ወደ ውጭ አገር ከሆነ ቋሚዎቹና እግሮቹ ጥሬ እንጨት ስለሆኑ አስኳላቸው በ56 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ30 ደቂቃ የታከመና ማኅተም ያለበት መሆን አለበት፤ ኮምፔንሳቶ ይህ አይመለከተውም። በአየር የሚሄድ ከሆነ ደግሞ የቤንዚን ቅሪት ያለበት ሞተር እንደ አደገኛ ዕቃ ስለሚቆጠር አስቀድመው ለአጓጓዡ ይንገሩ።

ክዳኑን ከመግጠምዎ በፊት የሞተሩን ቁጥርና አራቱንም ጎን ፎቶ ያንሱ።