ኢንተርንሺፕ ለምትወጡ የምህንድስና ተማሪዎች

ውድ ልጆች፣

ዕድሜዬን የጨረስኩት በፋብሪካ ጥገና ሥራ ላይ ነው። በነዚህ ዓመታት ለልምምድ የመጡ ብዙ ተማሪዎች አይቻለሁ። አንዳንዶቹ ሙያተኛ ሆነው ወጥተዋል። ብዙዎቹ ግን ሎግ ቡካቸውን (የልምምድ መዝገባቸውን) አስፈርመው፣ ማኅተም አስመትተው ተመለሱ፤ ማሽኑን ሳይነኩት። ልዩነቱ የጉብዝና አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ የሚያስተምራቸው ሰው አግኝተው ነበር።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ዩኒቨርሲቲያችሁና ድርጅቱ የፈረሙት የመግባቢያ ሰነድ የጥበቃውን በር ያሳልፋችኋል። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልጋችሁ እናንተን የማሠልጠን ኃላፊነት የተሰጠው አንድ ሰው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቁ፦ «የእኔ ኃላፊ ማነው? ምን ሥራ ይሰጠኛል?» መልሱ «ዝም ብለህ እየዞርክ እይ» ከሆነ እዚያ ላይ አትቁሙ። በአክብሮት፣ ግን ደጋግማችሁ ጠይቁ። አድቫይዘራችሁም ስልክ እንዲደውል አድርጉ።

በኢንዱስትሪና በትምህርት ተቋማት መካከል የሚደረግ ትብብር ምን ሊያፈራ እንደሚችል ማየት ከፈለጋችሁ ወደ ቦሌ ተመልከቱ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1945 ሲቋቋም ሥራውን የሚያስተዳድረው የአሜሪካው አየር መንገድ ቲደብሊውኤ ነበር። አብራሪውም፣ ሥራ አስኪያጁም ከውጭ የመጣ ነው። ዓላማው ግን ቀስ በቀስ ኢትዮጵያውያን ቦታውን እንዲረከቡ ነበር። በ1957 አለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ። በ1970 የቲደብሊውኤ ድርሻ ከማስተዳደር ወደ ማማከር ዝቅ አለ። በ1971 ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ ሆነው ተሾሙ። ሩብ ምዕተ ዓመት የፈጀ ሥራ ነው። አየር መንገዱ የራሱን አብራሪና ቴክኒሻን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት አቆመ፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። እዚያ ለሚማረው ልጅ አውሮፕላኑ የሚጠገንበት ሃንጋር ከመማሪያ ክፍሉ ብዙም አይርቅም። እኔ ትብብር የምለው ይህንን ነው።

የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡርም በዚሁ መንገድ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ አገልግሎት ሲጀምር የሚያንቀሳቅሱት የቻይና ድርጅቶች ነበሩ። ኢትዮጵያውያን ነጂዎችና ቴክኒሻኖች አብረዋቸው ሠሩ፣ ሠለጠኑ። እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራው ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ባለሙያዎች ተላለፈ። ከውጭ ድርጅት ጋር የመሥራት ዕድል ከገጠማችሁ ይህን አስቡ። እንግዳው ቀኑ ሲደርስ ይሄዳል። እሱ ከመሄዱ በፊት የእሱን ሥራ ብቻችሁን መሥራት መቻል አለባችሁ።

የፋብሪካውንም ችግር ተረዱለት። የምርት መስመር ለአንድ ሰዓት ሲቆም ኪሳራው ቀላል አይደለም። የጥገና ኃላፊው ከላይ በማኔጀር ይጠየቃል፣ ከታች መለዋወጫ የለውም፣ ዶላር እስኪፈቀድ ይጠብቃል። በዚህ መሃል እናንተ ስትመጡ ሸክም መስላችሁ ብትታዩት አትፍረዱበት። እጃችሁን ማሽን ውስጥ ብትከቱ ተጠያቂው እሱ ነው። የሴፍቲ ጫማችሁን ራሳችሁ ገዝታችሁ ሂዱ፤ ይህ ብቻ እንኳ ለእናንተ ያለውን አመለካከት ይለውጠዋል።

ከዚያ የሚጠቅመውን ነገር ስጡት። ለምሳሌ አንድ ማሽን ምረጡና በቆመ ቁጥር መዝግቡ። ስንት ሰዓት ላይ ቆመ፣ ለምን ቆመ፣ የትኛው ዕቃ ተቀየረ፣ ስንት ደቂቃ ፈጀ። ብዙ ፋብሪካ ውስጥ ይህ መረጃ በሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው፤ ቢጻፍም ማንም አያጠናውም። ከሁለት ወር በኋላ ሠንጠረዥ ሠርታችሁ ብታሳዩ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው አንድ ወይም ሁለት ችግር ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሁልጊዜ የሚቃጠል ቤሪንግ ሊሆን ይችላል፤ ቅባት በወቅቱ የማይደርሰው ቦታ ሊሆን ይችላል። ይህን ይዞ የመጣን ተማሪ ማንም ኃላፊ ችላ አይልም። የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁም ከዚሁ ይወጣል። ከኢንተርኔት ከተገለበጠ ርዕስ ይልቅ አንድ ፋብሪካ በእውነት የቸገረው ጉዳይ ይሻላል። ፈታኞቻችሁም ልዩነቱን ያውቁታል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ በጣም ያሳስበኛልና። ዲግሪ የሌለውን ቴክኒሻን አትናቁ። ሃያ ዓመት በአንድ ፓምፕ ላይ የሠራ ጋሼ ድምፁን ሰምቶ ምን እንደጎደለው ይነግራችኋል። እናንተ ደግሞ ለምን እንደጎደለው በስሌት ልታሳዩት ትችላላችሁ። ሁለቱ ሲገናኙ ነው ፋብሪካ የሚሻሻለው። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በትብብር ሥልጠና የሚመጡት ልጆችም እኩዮቻችሁ ናቸው። ብዙ ጊዜ በእጅ ሥራ ይበልጧችኋል፤ ሳታፍሩ ተማሩባቸው።

ስለ ሙያ ማኅበራትም ልንገራችሁ። የሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር አለ፣ የመካኒካል አለ፣ የኤሌክትሪካልም አለ። ተማሪዎች ስለነሱ የሚሰሙት ከተመረቁ በኋላ ነው፤ ይህ ልክ አይደለም። ድርጅቱ የሚያስተምራችሁ የራሱን ማሽንና የራሱን አሠራር ነው። ነገ ሌላ ቦታ ስትቀጠሩ ግማሹ አይሠራም። ማኅበሩ ግን ከአንድ ድርጅት በላይ የሆነውን ይሰጣችኋል፦ ስታንዳርዱን፣ የሙያ ሥነ ምግባሩን፣ በሌላ መሥሪያ ቤት ያሉ መሐንዲሶችን። አለቃችሁ የማታምኑበትን የንድፍ ሥዕል ፈርሙ ሲላችሁ ደውላችሁ የምታማክሩት ታላቅ ያስፈልጋችኋል። እሱን የምታገኙት በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ነው። በተማሪነታችሁ ሂዱ፣ ከኋላም ቢሆን ተቀመጡ፣ ጠይቁ።

ማኅበራቱን ለምትመሩ የሙያ ጓደኞቼም ጥያቄ አለኝ። ከፋብሪካዎች ጋር ስትፈራረሙ የሚቀበሉት ተማሪ ስንት እንደሆነ ብቻ አትጻፉ። ለእያንዳንዱ ተማሪ ማን እንደሚመደብ፣ ተማሪው ሲጨርስ ምን መሥራት መቻል እንዳለበት አብራችሁ አስፍሩ። ድርጅቱ ሰው የለኝም ካለ ጡረታ የወጣን መሐንዲሶች አለን። በሳምንት ሁለት ቀን አንድ ፋብሪካ ገብተን ልጆቹን ይዘን መዞር አያቅተንም። ለዚህ የሚሆን ጊዜ እኔም አለኝ፤ አብረውኝ የሠሩትም አላቸው። እስካሁን ጥሩን ያለን የለም እንጂ።