«ሽማግሌም ገብቶ ነበር» ብለሽ ያለፍሻት መስመር

የጠያቂዋን ደብዳቤ ባጭሩ ልንገራችሁ። ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው፣ ሁለት ልጅ አላት፣ ኒቃብ ትለብሳለች፣ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላና ፎጣ አጣቢ ሆና የማታ ፈረቃ ትሠራለች። የሰፈሯ ባጃጅ ሾፌር አመሻሽ ላይ በሆቴሉ በር ስትገባ ከኋላዋ ቀርጾ «ቀን ኒቃብ ማታ ቢዝነስ፣ እነዚህ ኒቃቢስቶች ሁሉም ያው ናቸው» ብሎ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው፣ ከዛ በሰፈሩ ቴሌግራም ግሩፕ ዞረ። አከራይዋ ፊት ነሳቻት፣ ሆቴሉ ደግሞ «ነገሩ እስኪበርድ ቤትሽ ቆይ» አላት፣ ይሄው ሁለት ወር ከምናምን። የጠየቀችኝ ሁለት ነገር ነው፣ ስንት ዓመት ያስቀጣዋል፣ ደግሞስ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ነው የምከሰው ወይስ መደበኛው። መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ «ሽማግሌም ገብቶ ነበር ግን ልጁ ቃሉን አልጠበቀም» ብላ ዘጋችው።

እህቴ መጀመሪያ አብሽሪ። ሕጉን ቶሎ ቶሎ ልበልልሽ። ስም ማጥፋት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613 ያስቀጣል፣ በኢንተርኔት ሲሆን ደግሞ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 አለ፣ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 30 ሺህ ብር ወይም ሁለቱም፣ «እስከ» የምትለዋን ልብ በይ። ፍትሐብሔር ሕጉ ላይ አንቀጽ 2044 ስም ማጥፋትን ይይዛል፣ አንቀጽ 27 ደግሞ ያለፈቃድሽ ምስልሽ አደባባይ እንዳይወጣ ይከለክላል፣ ካሳ መጠየቂያው ጉዳቱ ከደረሰብሽ ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ነው። የሞራል ካሳው ጣሪያ ግን 1000 ብር ነው፣ ሕጉ የ1952 ነዋ፣ ያኔ በሱ በሬ ይገዛ ነበር ዛሬ አንድ ኪሎ ሥጋ ይገዛ እንደሁ አንቺ ታውቂያለሽ፣ ስለዚህ ገንዘቡ ያለው በቀረብሽ ደሞዝ ላይ ነው እሱን በሰነድ አሳዪ። ሸሪዓ ፍርድ ቤት ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ውርስ፣ ወቅፍ የመሳሰሉትን ነው የሚያየው፣ እሱም ሁለታችሁም ስትስማሙ፣ ወንጀል አይቀጣም። በንጹህ ሴት ላይ ዝሙት ብሎ አራት ምስክር ያላመጣ ሰው በቁርኣን ምን እንደሚጠብቀው ሱረቱ ኑር ላይ አለ፣ ያንን ለሽማግሌዎቹ አስታውሺያቸው፣ ለዐቃቤ ሕግ ግን ክስ አይሆንሽም።

አሁን ወደዛች መስመር ልምጣ። ሽማግሌ ገባ አልሽ፣ ልጁ ቃሉን አልጠበቀም አልሽ። ቃል ካለ ስምምነት አለ፣ ስምምነት ካለ ደግሞ ወረቀት አለ። ፈርመሻል አይደል? ይሄን ነበር መጀመሪያ ልትነግሪኝ የሚገባው፣ የቅጣቱን ዓመት ከመጠየቅሽ በፊት። ወቀሳ አይደለም፣ ወይም ትንሽ ወቀሳ ነው።

ሽምግልናን የምንቅ ሰው አይደለሁም፣ እኔም የወሎ ልጅ ነኝ፣ አባጋር፣ የሀገሩ አስታራቂ ሽማግሌ፣ ተቀምጦ ደም ያደረቀበት ሀገር ነው። ግን ይሄ የሴት ስም ጉዳይ ሲሆን ያው ነገር ተመላልሶ ይመጣብኛል። ቡና ይፈላል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ልጁ ድንጋይ ይሸከማል፣ እናትሽ ታለቅሳለች፣ ከዛ አንድ ፊደል የቆጠረ ሰው ደብተር ይገነጥልና እንዲህ ይጽፋል፦ «ልጁ ቪዲዮውን ሊያጠፋ፣ እሷም በበኩሏ ከእንግዲህ በምሽት ሆቴል አካባቢ ላትታይ፣ በወንጀልም ሆነ በፍትሐብሔር ላይካሰሱ ተስማምተዋል»። ሽማግሌዎቹ በቅንነት ነው የሚያጽፉት፣ ሁለቱም ወገን ትንሽ ትንሽ ካልሰጠ እርቅ አይመስላቸውም። አንቺ ግን ምን ሰጠሽ? ሆቴሉ እኮ እንጀራሽ ነው! «ላትታይ» ብለሽ ስትፈርሚ ነገ የልጁ ጠበቃ ያንን ወረቀት አንስቶ «ክብርት ዳኛ፣ ጥፋት ከሌለባት ለምን ላልሄድ ብላ ቃል ገባች?» ይላል። እኔ ራሴ ተቃራኒው ወገን እንዲህ ብሎ ሲጠይቅብኝ ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ፣ ደንበኛዬ ኒቃቧ ውስጥ ስታለቅስ ዳኛዋ እንኳ አላየቻትም።

ሁለተኛ ቪዲዮው «ይጥፋ» ማለት ማስረጃሽ ይጥፋ ማለት ነው። ስድቡ ግን ሰፈር ውስጥ አይጠፋም፣ ያየው አይቶታል። ሦስተኛው ከሁሉም ይብሳል። የእርቅ ስምምነት በፍትሐብሔር ሕጉ 3312 መሠረት በተዋዋዮቹ መሀል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ነው የሚቆጠረው። እንደ ስም ማጥፋት ያለ ያለግል አቤቱታ የማያስቀጣ ወንጀል ላይ ደግሞ አቤቱታሽን ካነሳሽ ፖሊሱ መዝገቡን ይዘጋዋል፣ ተመልሰሽ ስትሄጂ «ታርቃችሁ የለም እንዴ» ነው የሚልሽ። ልጁ ቃሉን አልጠበቀም ማለት ወረቀቱ ፈረሰ ማለት አይደለም፣ ይፍረስልኝ ብለሽ መጠየቅ አለብሽ፣ ያም የራሱ መንገድና የራሱ ጊዜ አለው። አስፈራርተው ወይ አታለው ካስፈረሙሽ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ወረቀቱን፣ ኮፒም ከሌለሽ ከጸሐፊው ለምነሽ፣ አንድ ጠበቃ ፊት አስቀምጪው፣ እኔ ቃሉን ሳላየው ምንም ማለት አልችልም። እስካሁን ካልፈረምሽና እየተሳሳትኩ ከሆነ አልሐምዱሊላህ፣ በይ እንግዲህ አትፈርሚ። እርቅ ከወደድሽም «ያልኩት ሐሰት ነው» የሚል ቃል በራሱ አካውንት፣ በዛው ግሩፕ ይውጣ፣ ቪዲዮው ከመጥፋቱ በፊት አንቺ ጋ ይቀመጥ፣ ካንቺ በኩል ስለአመሻሽሽም ስለልብስሽም አንድ ቃል አይጻፍ።

አንድ የተከፈተ በር ግን ይታየኛል። «እነዚህ ኒቃቢስቶች ሁሉም» ያላት ቃል ያንቺ ብቻ አይደለችም፣ በሃይማኖታቸው ተለይተው የሚታወቁ ሰዎች ላይ ነች፣ ስለዚህ በጥላቻ ንግግር አዋጁ ቁጥር 1185/2012 ዐቃቤ ሕግ ሊያየው ይችላል፣ እሱ ደግሞ ባንቺ እርቅ የሚዘጋ አይመስለኝም። ይችላል ነው ያልኩት። ሙሉ ጽሑፉ መታየት አለበት።

ሌላም ያላሰብሽው ነገር አለ፣ ፊትሽ አይታይም። ልጁ «እኔ ስም አልጠራሁም፣ ማንን እንደቀረጽኩ አላውቅም» ነው የሚለው፣ መቶ በመቶ። ያ በቪዲዮው ያለች አንቺ መሆንሽን ማን ያስረዳል? በቦርሳሽ፣ በአረማመድሽ የለየችሽ ጎረቤት ካለች፣ ግሩፑ ላይ ስምሽን ጠርቶ ኮመንት የጻፈ ካለ፣ አከራይሽ «አንቺ ነሽ አይደል» ብላ ከጠየቀችሽ እሷ ራሷ ምስክር ናት። ስክሪንሻት ብቻ አይበቃም፣ የአካውንቱ ስም፣ ቀኑ፣ ሊንኩ በስክሪን ሪከርድ ይያዝ፣ ቪዲዮውን መጀመሪያ የላከልሽ ሰው ስልክም አይጥፋ። አንቺ ራስሽ ግን ለማንም ፎርዋርድ እንዳታደርጊ፣ መልስ ቪዲዮም እንዳትሠሪ፣ ተከሳሽ ሆነሽ እንዳትገኚ።

አሁን ትንሽ ልቆጣሽ። «እኔ በኒቃብ ሆኜ እንዴት ከነዛ ሸርሙጦች እቆጠራለሁ» ብለሽ ጽፈሽልኛል። ማመልከቻሽ ላይ እንዲህ ብለሽ እንዳትጽፊ። ኒቃብሽን የንጽሕና ምስክር አድርገሽ ካቀረብሽው እሱም ልብሱን ነው የሚከራከረው፣ «ፊታቸው እንዳይታወቅ የሚሸፈኑም አሉ» ይላል፣ ይኖራሉም፣ ከዛ ጉዳዩ ስላለው ቃል መሆኑ ቀርቶ ስላንቺ ልብስ ይሆናል። እናቶቻችን በሻሽና በነጠላ ነው ያደጉት፣ ኒቃብ ለብዙ የሰፈር ሰው አዲስ ነው፣ የማያውቀውን ደግሞ ሰው በወሬ ይሞላዋል። ክሱ መሆን ያለበት አጭር ነው፦ ይሄን አለ፣ እኔን ነው ያለው፣ ሐሰት ነው፣ ይሄን አጣሁ። በነገራችን ላይ ገላዋን የምትሸጠዋንም ሴት የወንጀል ሕጉ ለዛ ብቻ ብሎ አይቀጣትም፣ አንቀጽ 634 የሚቀጣው በሷ ላይ የሚነግደውን ነው፣ የሷንም ምስል ያለፈቃድ መልቀቅ አይቻልም። ማታ በር ላይ ቆማ የምትቀረጸዋ ብትሆኚ ኖሮም ይሄ ልጅ ጥፋተኛ ነበር።

ሥራሽ ላይ ግን ሰዓቱ እየሄደ ነው። «ቤትሽ ቆይ» ማለት ደብዳቤ ነው ወይስ በቃል? ደሞዝ እየገባ ነው? ካልገባ ሆቴሉ በተግባር አሰናብቶሽ ሊሆን ይችላል፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ቁጥር 1156/2011 ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ ለመጠየቅ ያለሽ 3 ወር ብቻ ነው፣ አንቺ ሁለት ወር ከምናምን በልተሻል። ምናምኑ ስንት ቀን እንደሆነ ዛሬ ቁጠሪ። ውል ባይኖርሽም የደሞዝ ፊርማ፣ በባንክ የገባ ገንዘብ፣ የፈረቃ ፕሮግራም፣ አብራሽ የምታጥብ ልጅ ማስረጃ ናቸው፣ እነዚሁ ደግሞ ማታ ሆቴሉ ውስጥ ምን እየሠራሽ እንደነበር የሚያሳዩልሽ ናቸውና ለሁለቱም መዝገብ ኮፒ አርጊ።

ለጠበቃ የምትከፍይው ከሌለሽ ደሴ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ሄደሽ ነፃ የሕግ ድጋፍ ጠይቂ፣ የዳኝነት ክፍያውንም ሳትከፍይ በደሃ ደንብ መክሰስ ይቻላል፣ ለዚህ ከቀበሌ ማስረጃ ያስፈልግሻል። ስትሄጂ መጀመሪያ የምታወጪው ያንን የሽማግሌ ወረቀት ይሁን፣ ቪዲዮውን ሳይሆን።