ከጅማ ጅግጅጋ፦ ርቀቱ አጭር፣ ጉዞው ረጅም የሚሆነው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ነው። ታናሽ እህቴ ጅግጅጋ ስለወለደች እናታችንን ይዤ ልጠይቃት አስቤአለሁ። ልጄ ኢንተርኔት ላይ አይቶ በአውሮፕላን ሃምሳ ደቂቃ ብቻ እንደሚወስድ ነገረኝ፤ ትኬት ቢሮ የቀረበልኝ ጉዞ ግን ስድስት ሰዓት ይፈጃል። የትኛውን ልመን? እናቴስ ትችለዋለች?

መልስ፦ እህትዎ እንኳን በሰላም ተገላገሉ። ለጉዞዎ የሚያገለግልዎት የትኬት ቢሮው ቁጥር ነው። ከጅማ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ጅግጅጋው ገራድ ዊልዋል አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ መስመር 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ልጅዎ ያዩት ስሌት ይህን ርቀት በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ለሚበር ጄት አካፍሎ የተገኘ ይመስላል። በአገር ውስጥ በረራ የሚያገለግለው ባለ ሁለት ሞተር ኪው 400 ግን ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት 670 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ በዚያ ላይ ስሌቱ አውሮፕላኑ ወደ መንደርደሪያው የሚያዘግምበትን፣ ከፍታ የሚይዝበትንና ለማረፍ ተራ የሚጠብቅበትን ጊዜ አይቆጥርም።

ጉዞዎ በአዲስ አበባ በኩል ነው። ብዙ ተጓዦች ይህን እንደ ትልቅ ዙር ያዩታል፤ ካርታው ግን ሌላ ይናገራል። ከጅማ ቦሌ 260፣ ከቦሌ ጅግጅጋ 455 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ድምሩ ከቀጥታው መስመር የሚበልጠው በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ይህም በአየር ላይ የሁለት ደቂቃ መንገድ ነው። የመጀመሪያው በረራ አንድ ሰዓት ያህል፣ ሁለተኛው ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ ይወስዳል። እንግዲህ ከስድስቱ ሰዓት አራቱ ያህል የሚያልፈው ቦሌ ላይ ተቀምጦ በመጠበቅ ነው፤ ስለዚህ ትኬት ሲመርጡ ሊያወዳድሩ የሚገባዎት በሁለቱ በረራዎች መካከል ያለውን ቆይታ ነው። ሆኖም ቆይታው እጅግ እንዲያጥር አልመክርዎትም፤ በተለይ በክረምት የጅማ በረራ በደመናና በዝናብ ቢዘገይ ቀጣዩ ሊያመልጥዎት ይችላል። ሁለቱን በረራዎች በአንድ ትኬት ይግዙ፤ ለየብቻ ከገዙ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥዎት ኪሳራው የእርስዎ ሊሆን ይችላል።

እናትዎን በተመለከተ፣ በበረራ ወቅት የአውሮፕላኑ ውስጥ የአየር ግፊት በአብዛኛው ከ2,400 ሜትር ከፍታ ጋር ከሚመጣጠነው በታች አይወርድም። ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ስለዚህ አዲስ አበባ ሄደው ትንፋሽ ካላጠራቸው፣ አየር ላይ የሚገጥማቸው ከዚያ ብዙም አይለይም። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ካለባቸው ግን አስቀድመው ሐኪማቸውን ያማክሩ። ይልቅስ የሚያደክማቸው ቦሌ ላይ የሚደረገው እርምጃ ስለሆነ፣ ትኬቱን ሲቆርጡ ተሽከርካሪ ወንበር እንዲዘጋጅላቸው ያስመዝግቡ። በመኪና እስከ አዲስ አበባ 350፣ ከዚያ ደግሞ ከ600 በላይ ኪሎ ሜትር ከመጓዝ ይህ ለአዛውንት እጅግ ይሻላል።

ትኬቱ ላይ የሚታተመው ሰዓት በአገራችን አቆጣጠር አለመሆኑንም ልብ ይበሉ፤ 14:30 የሚለው ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ነው።